ቀጥቃጭ ጋ ቢላ ስታሠሩ

ቢላ ልታሠሩ ነው? ከዋጋው በፊት ስለ ብረቱ ተነጋገሩ። ለእኔ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚበልጥ የለም። በቂ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ፌሮ ግን የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለት አይይዝም፤ ለበር መቀርቀሪያ ይሁን። ምናለሽ ተራ ጎራ ብትሉ ባሌስትራ አይጠፋም። ስንጥቅ እንዳይኖረው ብቻ አገላብጣችሁ እዩት።

«ስለቱን ብቻ ንከርልኝ» በሉት። ሙሉውን ከነከረው፣ መልሶ በለስላሳ እሳት ካላሞቀው በስተቀር፣ ወለል ላይ ሲወድቅ ቀንጠብ ሊል ይችላል። ጀርባው ለስለስ ቢል ነው የሚሻለው።

ስትረከቡ ሞረድ ያዙ። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ስለቱን ሞርዱ። ጀርባው ላይ ሞረዱ ነክሶ ደቃቅ ብረት ያረግፋል። ስለቱ ላይ ሊንሸራተት ወይም ሊታገል ይገባል። ሁለቱም እኩል ከተሞረዱ ቢላው አልጠነከረም፤ እንደገና ይግባ ወደ እሳቱ። ቀጥቃጩ ቢቆጣም ቅር አይበላችሁ፣ ገንዘባችሁ ነው።

ደግሞ በግራይንደር ሲስሉላችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። አጠገቡ ውሃ ይኑር፣ ቶሎ ቶሎ ይንከሩት። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ሰማያዊው እስኪያልቅ በእጅ መሞረድ ነው።