በትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ጉልበተኛ ዓሣን እንዴት አደብ ማስያዝ ይቻላል

አዲስ ዓሣ ወደ አኳሪየሙ ከጨመራችሁ በኋላ ነባሩ ዓሣ ጥግ ለጥግ ሲያሳድደው ካያችሁ፣ "ይላመዳሉ" ብላችሁ አትተዉት። አንዳንዴ በእርግጥ ይላመዳሉ። ትንሽ አኳሪየም ውስጥ ግን ተባራሪው መሸሻ የለውም። ባሕር ውስጥ ቢሆን ጥቂት ሜትር ርቆ ይገላገል ነበር። በ60 ወይም በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ግን የትም ቢዋኝ ከአባራሪው ዓይን አያመልጥም። ጠቡ በአብዛኛው የቦታ ጠብ ነው። መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል።

መጀመሪያ፣ ጠቡ ምን ያህል እንደከፋ ለዩ

ማባረር ሁሉ አደጋ አይደለም። አዲስ ዓሣ በገባ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት መገፋፋት ያለ ነው። ነባሩ ይጠጋል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ ትንሽ ያባርርና ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚያሳስበው ማባረሩ አላቋርጥ ሲል ነው።

ከአባራሪው ይልቅ ተባራሪውን ተመልከቱ። ክንፉ ወይም ጅራቱ ተቀዳዷል? ቅርፊቱ ተልጧል? ውሃው ላይኛው ጥግ ላይ ወይም ከፓምፑ ጀርባ ተሸጉጦ ይውላል? ምግብ ሲመጣ አይወጣም? ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል? ከእነዚህ ሁለቱን ካያችሁ በዚያው ቀን እርምጃ ውሰዱ። የተጨነቀና የማይበላ ዓሣ በቀላሉ ይታመማል። በተለይ ሰውነት ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ ከያዘው፣ ችግሩ ለሌሎቹም ይተርፋል።

የአኳሪየሙን ክዳንም አሁኑኑ ተመልከቱ። የሚባረር ዓሣ ከውሃው ዘሎ ይወጣል። ፋየርፊሽ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሳይነካም ይዘላል። ክዳን ከሌላችሁ ቀዳዳው ጠበብ ያለ መረብ ላዩ ላይ ዘርጉ።

ጉልበተኛው ማን እንደሆነ እወቁ

ዳምሰልፊሽ ትንሽ፣ ቆንጆና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ "ይሄን ውሰድ" ይባላል። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። አብዛኞቹ የዳምሰል ዝርያዎች የያዙትን ድንጋይ ለማስከበር ከእነሱ የሚበልጥ ዓሣ እንኳ ያጠቃሉ፣ ሲያድጉም ይብስባቸዋል። ዶቲባክ፣ እንዲሁም ጎኑ ላይ ስድስት መስመር ያለው ሲክስላይን ራስ የሚባለው ዓሣ፣ በጠባብ ቦታ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

ክሎውንፊሽ የዳምሰል ዘመድ ነው። ሁሉም ሕይወታቸውን በወንድነት ይጀምራሉ። ከመካከላቸው ትልቋ ሴት ሆና ትመራለች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች አንድ ላይ ከገቡ እስከ ሞት ሊጣሉ ይችላሉ። ጥንድ ከፈለጋችሁ ወይ ሁለቱንም በልጅነታቸው ግዙ፣ ወይ አንዷን ትልቅ ሌላውን በግልጽ የሚያንስ አድርጉ። ለረጅም ጊዜ በሰላም የኖሩ ጥንዶች በድንገት ሁሉን ማባረር ከጀመሩ ደግሞ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ፈትሹ። እንቁላል እየጠበቁ ሊሆን ይችላል።

ሰፈሩን አፍርሳችሁ ሥሩ

ነባሩ ዓሣ እያንዳንዱን ዋሻ "የኔ" ብሏል። ድንጋዮቹን ስታንቀሳቅሱ እሱም እንደ አዲስ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ይህ በጣም የሚጠቅመው አዲሱ ዓሣ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሠራ ነው። ኮራል የተጣበቀበትን ድንጋይ ተዉት፣ የቀረውን ብታዛውሩ ይበቃል። አሸዋውን ግን ድንጋዩ ከሚያርፍበት ቦታ ውጭ አትቆፍሩ፣ ሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ውሃውን ያበላሻል።

መልሳችሁ ስትደረድሩ ከዓሦቹ ቁጥር የበዛ መደበቂያ ሥሩ። እያንዳንዱ ዋሻ ሁለት መውጫ ይኑረው። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተባራሪው ወጥመድ ነው። አንዱ ጥግ ሌላውን ጥግ እንዳያይ መሐል ላይ ከፍ ያለ ድንጋይ ማቆምም ብዙ ይረዳል። ትልልቆቹን ድንጋዮች አሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ ወለሉ ላይ አስቀምጡ። አለዚያ አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሊንዳቸው ይችላል።

ሣጥኑ፣ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል የምመክረው ይህን ነው። ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ያሉትና ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ሣጥን። አኳሪየሙ ውስጥ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል። ዓሦቹ ይተያያሉ፣ መነካካት ግን አይችሉም።

አዲሱ ዓሣ ከሙቀቱና ከጨው መጠኑ ጋር ከተላመደ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ። የሚደበቅበት አጭር የፕላስቲክ ቱቦ አብራችሁ ክተቱለት። እዚያው መግቡት። ነባሩ መጀመሪያ ሣጥኑን ይደበድባል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ነባሩ ሣጥኑን ከቁብ ሳይቆጥር ሲያልፍ፣ አዲሱም በደንብ ሲበላ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ልቀቁት።

ጠቡ አስቀድሞ ከተነሣ ግን ሣጥኑ የሚገባው ለጉልበተኛው ነው። እሱን ለአንድ ሳምንት ያህል እሰሩት። በዚህ ጊዜ ደካማው ይበላል፣ ያገግማል፣ የራሱን ዋሻ ይይዛል። ጉልበተኛው ሲፈታ እንደ አዲስ ገቢ ይሆናል። ሁልጊዜ ባይሳካም ከማንኛውም ዘዴ በፊት ይህን ሞክሩ።

ማጥመዱስ?

በመረብ ድንጋይ ለድንጋይ ማሳደድ ሁሉንም ዓሣ ያስጨንቃል፣ ጉልበተኛውም አይያዝም። የፕላስቲክ ጠርሙስ አናቱን ቁረጡና አፉን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ ግጠሙት። በንጹሕ አኳሪየም ውሃ ሞልታችሁ፣ ጥቂት ምግብ ከትታችሁ አስተኙት። ሌላ ቦታ ምግብ ሳትሰጡ ጥቂት ሰዓት አጠገቡ ሁኑ፣ እንደገባ አውጡት። እምቢ ካለ ውሃውን በንጹሕ ባልዲ እየቀዳችሁ ዝቅ አድርጉና በትንሽ ዕቃ ጥለፉት። ማሩን የሚባለው የክሎውንፊሽ ዝርያ ጉንጩ ላይ እሾህ ስላለው መረብ ላይ ይጠላለፋል፣ ለእሱ ዕቃው ይሻላል።

ለጊዜው የሚያግዙ ነገሮች

መልክ ማያ መስታወት ከውጭ በኩል የአኳሪየሙ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉ ጉልበተኛው ከገዛ ምስሉ ጋር ይፋጠጣል። አዲሱም ትንፋሽ ያገኛል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ሰዓት ብቻ ተጠቀሙበት። ምግብ ደግሞ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ፣ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ጫፍ ጨምሩ። አንድ ዓሣ ሁለት ቦታ መጠበቅ አይችልም። ተርፎ የሚበሰብስ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ስለሚያመጣ አታብዙ።

አልታረም ካለ

አንዳንዱ ዓሣ ለዚያ ቦታ አይሆንም። ትልቅ አኳሪየም ላለው ሰው ስጡት ወይም ሻጩን እንዲቀበላችሁ ጠይቁ። ወደ ባሕር ግን ፈጽሞ አትልቀቁት። የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ ዛሬ በምዕራብ አትላንቲክና በካሪቢያን ተሰራጭቶ የአካባቢውን ትንንሽ ዓሦች እየፈጀ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ነው ተብሎ የሚታመነው ከአኳሪየም መለቀቁ ነው።

ጉልበተኛው ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀናት ተከታተሉ፣ ሁለተኛው ቦታውን ሊወርስ ይችላል። ሌላ ዓሣ ለመጨመር ስታስቡም ቅደም ተከተሉን ከዓይናፋሩ ጀምሩ። ጎቢና ፋየርፊሽ ይቅደሙ፣ ክሎውንፊሽ ይከተል፣ ዶቲባክ የግድ ከተፈለገ መጨረሻ ይግባ። ለ60 ሊትር ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ዓሦች ይበቃሉ።