ለኮርሳ ሳይክል ዕቃ ስትመርጡ፦ መካከለኛው መቼ ይበቃል፣ ውዱስ መቼ ያዋጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኮርሳዬ ማርሽ አስቸገረኝ። መሀለኛዎቹ ጥርሶች ላይ ካቴናው አይረጋም። ተቅ ተቅ ይላል፣ አንዳንዴም ሳልነካው ወደ ጎረቤት ጥርስ ይዘላል። ዕቃው መካከለኛ ደረጃ ስለነበር ጥፋቱን በሙሉ እሱ ላይ ጣልኩት። ገንዘብ አጠራቅሜ ከላይኛው ደረጃ ካሴት (የኋላ ጎማው ላይ የተደረደሩት ባለ ጥርስ ቀለበቶች) እና ካቴና ገዛሁ። ገጥሜው ወጣሁ። ተቅ ተቅታው እንዳለ ነው። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ከሳይክሉ ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና "ሀንገሩ ተጣሟል እኮ" አለኝ። ሀንገር ማለት የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዝ ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። እሱ ሲቃና ነገሩ አለቀ። የድሮው ካሴቴ ምንም አልነበረበትም።

ስለዚህ "መካከለኛ ወይስ ውድ?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ትንሽ ሥራ አለ። እኔ እንደማምነው ለአብዛኛው ሰው መካከለኛው ይበቃል። ዋናው ነገር ዛሬ የምትከፍሉትን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሲያልቅ ዳግም የምትከፍሉትንም ማሰብ ነው።

1. መጀመሪያ ያለውን መርምሩ

ከሳይክሉ ኋላ ሆናችሁ ማርሽ ቀያሪውን እዩት። ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለባቸው። ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ሀንገሩ ተጣሟል ማለት ነው። ሳይክሉ በቀኝ በኩል አንድ ጊዜ ከወደቀ ይሄ በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ገመዱ። ማርሻችሁ በገመድ የሚሠራ ከሆነና ወደ ትንሹ ጥርስ ስትቀይሩ ካቴናው ዘግይቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ገመዱ ሽፋኑ ውስጥ ቆሽሿል ወይም ዝጓል። አዲስ ገመድና ሽፋን ያረጀን ማርሽ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ርካሽ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከዚያ ካቴናውን ለኩት። "ካቴናው ተለጠጠ" እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። በየመጋጠሚያው ያሉት ፒኖች እየተበሉ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ነው የሚረዝመው። ማስመሪያ ያዙና ዜሮውን አንድ ፒን መሀል ላይ አድርጉ። ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ 24 ፒን ቁጠሩ፤ የመጀመሪያው አይቆጠርም። አዲስ ካቴና ላይ 24ኛው ፒን 304.8 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። 306.3 አካባቢ ከደረሰ 0.5 በመቶ ረዝሟል። ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ (ካሴቱ ላይ 11 ወይም 12 ቀለበት ያለው) ከሆነ መቀየሪያው ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብላችሁ ከነዳችሁት ካሴቱንም ይበላዋል፣ ያኔ ወጪው ሁለት ይሆናል።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ችግሩ ከጠፋ ምንም መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ካልጠፋ እንቀጥል።

2. መሰላሉን እወቁ

ሺማኖና ስራም የኮርሳ ማርሽ የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። በሺማኖ በኩል የዕቃው ደረጃ ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ-ኤስ እያለ ይወጣል። በስራም በኩል ኤፔክስ፣ ራይቫል፣ ፎርስ፣ ሬድ ነው። መካከለኛ የምለው 105 እና ራይቫልን ነው። አልቴግራና ፎርስ ከመካከለኛው ከፍ ይላሉ፤ ዱራ-ኤስና ሬድ ጫፉ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ ቴክኖሎጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ከዚያ ይወርዳል። የሺማኖ ኤሌክትሪክ ማርሽ ዱራ-ኤስ ላይ የመጣው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2011 አልቴግራ ላይ ደረሰ፣ በ2022 ደግሞ 105 ላይ። የስራም ገመድ አልባ ማርሽም በ2015 ሬድ ላይ ተዋወቀ፤ በ2019 ፎርስ፣ በ2021 ራይቫል፣ በ2023 ኤፔክስ አገኙት። ዛሬ መካከለኛ የምንለው ዕቃ የዛሬ አሥር ዓመት ባለሙያ ተወዳዳሪዎች ከነዱበት የሚያንስ አይደለም።

3. ክብደቱን በሒሳብ እዩት

ውዱ ዕቃ ከምንም በላይ የሚሸጥላችሁ ቀላልነቱን ነው። የሺማኖ ባለ 12 ኤሌክትሪክ ማርሽ ከነዲስክ ፍሬኑ ሲመዘን፣ 105 ሙሉው 3 ኪሎ ገደማ ነው። አልቴግራ 2.7፣ ዱራ-ኤስ ደግሞ 2.4 አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ 300 ግራም ያህል ትቀንሳላችሁ። ከ105 እስከ ዱራ-ኤስ ያለው ልዩነት አንድ ግማሽ ሊትር ውሃ ከነኮዳው እንደ ማለት ነው።

አሁን ዳገት ላይ እናውጣው። እናንተና ሳይክሉ አንድ ላይ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቀጥ ያለ ዳገት አለ። 300 ግራም ከ85 ኪሎ ላይ 0.35 በመቶ ነው። ከአንድ ሰዓት ላይ የምታተርፉት 13 ሰከንድ አይሞላም። ሜዳ ላይ ደግሞ ክብደት ከናካቴው ትንሽ ነው የሚናገረው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ካለፋችሁ ዋናው ተቃዋሚያችሁ ነፋስ ነው፣ ከነፋሱም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የራሳችሁ ሰውነት ነው።

ለሚወዳደር ሰው 13 ሰከንድ ውድድር ያሸንፋል፣ ይሄን አልክድም። ግን የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ የውድድር ሳይክል ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ገደብ አስቀምጧል። ፍሬሙና ጎማው ቀላል ከሆኑ እዚያ ገደብ ላይ ያለ ዱራ-ኤስም መጠጋት ይቻላል።

እኔ ከግራም ይልቅ የማየው የጥርሱን ብዛት ነው። የ105 ባለ 12 የኋላ ማርሽ ቀያሪ ትልቁ ቀለበቱ እስከ 36 ጥርስ ያለው ካሴት ይወስዳል። የዱራ-ኤስና የአልቴግራው 34 ላይ ያቆማል። ፊት ላይ 34 ኋላ ላይ 36 ካደረጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ስትረግጡ የኋላ ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ረጅም ዳገት ላይ ጉልበታችሁ ሲያልቅ ይቺ ተጨማሪ ማርሽ ከ300 ግራም በብዙ ትሻላለች። እዚህ ላይ መካከለኛው ከውዱ ይበልጣል፣ በርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን በሥራውም።

4. የሚያልቀውንና የሚቆየውን ለዩ

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንዱ የሚበሉትን ጻፉ፦ ካቴና፣ ካሴት፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዲስክ፣ ጎማ። በሌላው የሚቆዩትን፦ እጀታዎቹ (መሪው ላይ ማርሽ የምትቀይሩባቸውና ፍሬን የምትይዙባቸው)፣ የፍሬኑ አካል፣ ክራንኩ (ፔዳሎቹ የሚገጠሙበት ክንድ)፣ የፊት ማርሽ ቀያሪው።

የሚበሉትን ከመካከለኛው ግዙ። ካሴትን ብንወስድ፣ ዱራ-ኤስ የሚቀለው ትልልቆቹ ጥርሶች ቲታኒየም ስለሆኑ ነው። ቲታኒየም ቀላል ነው፣ ግን ከብረት ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ቶሎ ለሚያልቅ ዕቃ ብዙ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያም ተመልሳችሁ ያንኑ ትከፍላላችሁ። የ105 የብረት ጥርስ ከበድ ይላል፣ ግን ይቆያል። ካቴና ላይም እንደዚሁ ነው። አንድ ውድ ካቴና ገዝቶ እስኪያልቅ ከመንዳት፣ ሁለት መካከለኛ ገዝቶ በጊዜ መቀየር ካሴቱን ያድነዋል።

የኋላ ማርሽ ቀያሪው ከሁለቱም ዓምድ ትንሽ ይወጣል። በአገልግሎት ቶሎ አያልቅም። ግን በቀኝ በኩል ከወደቃችሁ ቀድመው መሬት ከሚነኩት አንዱ እሱ ነው። ሳይክል ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲንሸራተትም እሱ ነው የሚመታው። እኔ ሁሌም ከመካከለኛው ነው የምወስደው። ሲሰበር ያን ያህል አያንገበግብም።

አንድ ዕቃ ብቻ ከላይኛው ደረጃ ልግዛ ካላችሁ እጀታው ይሁን። ሰዓታት ሙሉ የምትይዙት እሱን ነው። ለምሳሌ የአልቴግራና የዱራ-ኤስ የኤሌክትሪክ እጀታዎች አናታቸው ላይ ተጨማሪ ቁልፍ አላቸው፣ የ105ቱ የለውም። ያ ቁልፍ ለእናንተ የሚጠቅም ከሆነ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ካልሆነ ግን ሁለቱ ማርሽ ሲቀይሩ በዓይንም በጆሮም መለየት ይከብዳል።

5. የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላይ አውሉት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አይሰማኝም፣ ግን ደግሜ እለዋለሁ። ከመካከለኛ ወደ ውድ ማርሽ መሄድ ፍጥነታችሁን ብዙም አይለውጠውም። ከርካሽ ጎማ ወደ ጥሩ ጎማ መሄድ ግን ይለውጠዋል። ጎማውን ሳይገጠም በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት። ርካሹ እንደ ካርቶን ይገትራል። ጥሩው እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። መንገድ ላይ እያንዳንዷ ጠጠር ስትገፋው ገታራው ጉልበታችሁን ይበላል፤ ለስላሳው ጠጠሯን ውጦ ያልፋል። ፍሬማችሁ የሚፈቅድ ከሆነ 28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ ውስጡ ያለውን አየር ቀነስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ወገባችሁም እጃችሁም ያመሰግናችኋል።

ከጎማው ቀጥሎ አቀማመጥ ነው። ኮርቻው በትክክለኛ ቁመት ካልሆነ፣ መሪው ከሩቅ ከሆነ፣ የትኛውም ማርሽ አያድናችሁም። አንድ ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ከፍላችሁ ልኩን አስወስዱ።

6. ይገጥማል ወይ?

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አጣሩ። የማርሹ ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ባለ 11 እጀታ ባለ 12 ካሴት አያዝም። የአንድ ትውልድ ሺማኖ ዕቃ ግን እርስ በርሱ ይገጥማል። የባለ 11 ማርሽ ዘመኑ 105፣ አልቴግራና ዱራ-ኤስ በደንብ ይቀላቀላሉ። በባለ 12 ደግሞ ተጠንቀቁ፦ በገመድ የሚሠራው 105 ብቻ ነው፣ ከላይ ያሉት ሁሉም ኤሌክትሪክ ናቸው። ስለዚህ የገመድ እጀታ ይዛችሁ የአልቴግራ ባለ 12 ማርሽ ቀያሪ ብትገዙ አይሠራላችሁም።

ጎማው መሀል ያለው ሀብም የራሱ ቋንቋ አለው። የሺማኖ ባለ 12 የኮርሳ ካሴት በባለ 11 ሀብ ላይ ይገባል። ትንሹ ቀለበቱ 10 ጥርስ የሆነ የስራም ካሴት ግን ኤክስዲአር የሚባል ሌላ ዓይነት ሀብ ይፈልጋል።

7. ሁለተኛ እጅ ከሆነ ክራንኩን ገልብጣችሁ እዩ

ያገለገለ ውድ ዕቃ በመካከለኛ ዋጋ ማግኘት ጥሩ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን እንዳታልፉ። በመስከረም 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሺማኖ ከ2012 እስከ 2019 አጋማሽ የተሠሩ ባለ 11 ማርሽ የአልቴግራና የዱራ-ኤስ ክራንኮችን ለምርመራ ጠርቷል። ምክንያቱ ክንዱ ከሁለት ቁራጭ በማጣበቂያ ስለሚሠራ፣ ማጣበቂያው ሲለቅ ሊከፈትና ሊሰበር መቻሉ ነው። የ105 ክራንክ ጥሪው ውስጥ አልነበረም። ቀለል እንዲል የተደረገበት ዘዴ ነው ችግር ያመጣው።

ስለዚህ ክንዱን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተጻፉትን ሁለት ፊደሎች አንብቡ። የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና በጥፍራችሁ ሂዱበት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከነካችሁ፣ ወይም ስትረግጡ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ፣ አትግዙት።

8. ውዱ የሚያዋጣው መቼ ነው?

የምትወዳደሩ ከሆነና ጎማውም አቀማመጡም ሥልጠናውም ከተስተካከለ፣ ግዙ። እጃችሁ ደካማ ከሆነ ወይም መገጣጠሚያ የሚያማችሁ ከሆነ ኤሌክትሪክ ማርሽ በእውነት ይረዳል፣ ጠቅ ከማድረግ በላይ ጉልበት አይጠይቅም። እሱም ቢሆን አሁን በመካከለኛው ደረጃ ይገኛል። ባትሪ መሙላት የማትረሱ መሆን አለባችሁ፣ በቃ።

ዝም ብላችሁ ስለምትወዱትም መግዛት ትችላላችሁ። በደንብ የተወለወለ ክራንክ እያዩ መደሰት ነውር የለውም። ብቻ ፈጣን ያደርገኛል ብላችሁ አትግዙት።

ስትወስኑ ሁለቱንም ሳይክሎች በተራ ይዛችሁ ውጡ። ዳገት ፈልጉ። ከወንበራችሁ ተነስታችሁ በሙሉ ጉልበት እየረገጣችሁ ማርሽ ቀይሩ፣ ከዚያ ሁለቱን እጀታዎች ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ፍሬኑን በአንድ ጣት ያዙት። የትኛው ውድ እንደሆነ ሳያዩ መለየት ካልቻላችሁ፣ መካከለኛውን ይዛችሁ ግቡ።