ዋጉ የትኛው ነው? ስንዴ ማሳ ገብቶ መለያ ዘዴ

በደብረ ብርሃን መንገድ ከአዲስ አበባ ስትወጡ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ከዚያም ወዲያ፣ ግራ ቀኙ የእህል ማሳ ነው። ሥራዬ የሰብል ጥበቃ ስለሆነ ክረምቱን እዚያ ነው የምውለው። ነሐሴና መስከረም ላይ ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። «ስንዴዬን ዋግ መታው፣ ምን ልርጭ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «የትኛው ዋግ?» እላለሁ።

ስንዴን የሚመቱ ዋጎች ሦስት ናቸው፦ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ። የሚመጡበት ጊዜም ጉዳታቸውም ይለያያል። ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ዓይን፣ ጣትና ነጭ ሶፍት ይበቃል።

መጀመሪያ ጠባዩን እንወቅ። ዋግ ፈንገስ ነው። ከእንጉዳይ ጋር በአንድ ክፍለ ስፍን፣ በባሲዲዮማይኮታ ውስጥ ይመደባል። ክፍለ መደቡ ግን ለብቻው ነው፤ ፑክሲኒያሌስ ይባላል። ከ7,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ቡና ቅጠል ሥር የሚታየው ብርቱካንማ ዱቄት ከእነዚሁ ነው። የባቄላ ዋግም፣ ጓሮ ያለ ነጭ ሽንኩርት ላይ የሚወጣውም እንደዚሁ። ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ እያንዳንዱ የሚበላውን ይመርጣል። የባቄላው ዋግ ስንዴ አይነካም፤ ስንዴው ታመመ ብላችሁ ጎን ያለውን ባቄላ አትንቀሉ።

ሌላው ጠባዩ፣ ዋግ የሚያድገው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ ነው። ዱቄት የምንለው ስፖሩ ነው፤ ፈንገሱ የሚራባበት ጥቃቅን ቅንጣት ማለት ነው። ስፖሩ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ጤዛ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ይበቅላል፣ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ ሴሎቹ ውስጥ መምጠጫውን ይተክላል። ስንዴውን ቶሎ አይገድለውም፤ ቆሞ እንዲቀልበው ነው የሚፈልገው። ፍሬ መሙያ የነበረውን ምግብ እሱ ይበላዋል፣ ፍሬው ይጨማደዳል። አየሩ ከተመቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ዱቄት ያወጣል፣ ነፋስ ያነሳዋል። ዛሬ ጥግ ላይ ያያችሁት በዚህ ፍጥነት ነው ማሳውን የሚያዳርሰው።

ስለዚህ በየሳምንቱ ማሳ ግቡ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ዋጋ የለውም፤ ከላይ አረንጓዴ የሆነ ስንዴ ከታች ታሞ ሊሆን ይችላል። እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ጉም የሚተኛበትን ረባዳ ቦታና ስንዴው በጣም የታጨቀበትን አትለፉ። በየቦታው ቁሙ፣ በሁለት እጅ ገለጥ አድርጉ፣ የታችኛውን ቅጠል እዩ። ከአንድ በላይ ማሳ የምታዩ ከሆነ ከጤነኛው ጀምሩ። ዱቄቱ ልብስ ላይ ተጣብቆ አብሯችሁ ይሄዳል።

ቢጫ የሆነ ቅጠል ስታገኙ በሶፍት ጠረግ አድርጉት። ዋግ ከሆነ ሶፍቱ ላይ ቀለም ይቀራል። ይህችን ሙከራ አደራ አትዝለሏት። በእኛ መረሬ አፈር ውሃ ሲተኛ ስንዴው ይገረጣል፤ ማዳበሪያ ሲያንሰውም ይገረጣል። ሁለቱም ሶፍት አይቀቡም። ቅጠሉ ላይ የደረቀ ቦታ ኖሮ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴፕቶሪያ የሚባለውን ሌላ የቅጠል በሽታ ጠርጥሩ። ውሃ ለተኛበት ስንዴ የዋግ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መድፋት ነው።

ሶፍቱ ከቀላ ወይም ቢጫ ከሆነ ወደ ቅጠሉ ተመለሱ።

ቢጫ ዋግ ቀድሞ ይመጣል። ብርድ ይወዳል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይመቸዋል። የሰንዳፋ ክረምት ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ጥቃቅን ቢጫ እብጠቶቹ የቅጠሉን ጅማት ተከትለው በመስመር ይደረደራሉ፤ የስፌት መኪና የሰፋው ክር ነው የሚመስለው። ቡቃያ ላይ ግን መስመሩ አይታይም፣ ተበታትኖ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ ማሳው መሃል ክብ ሆኖ የገረጣ ቦታ ካያችሁ ቶሎ ሄዳችሁ መርምሩት።

የቅጠል ዋግ ቡናማ ብርቱካን ነው። ትናንሽ፣ ክብ፣ በቅጠሉ ላይኛ ገጽ ላይ እንዲሁ የተበተነ። መስመር አይሠራም።

የግንድ ዋግን በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ላይና ግንዱን በሸፈነው ቅጠል ላይ፣ እንዲሁም በቅጠሉ በሁለቱም ገጽ ይወጣል። ሸክላ መሳይ ቀይ፣ ሞላላ ነው። የተክሉን ቆዳ ቀዶ ስለሚወጣ ጠርዙ የተተለተለ ነው፤ ጣት ስታሳልፉበት ይሻክራል። ሞቅ ያለ አየር ስለሚወድ ወደኋላ ላይ ነው የሚመጣው። ከሦስቱ የማልተኛለት ይህ ነው። ሊታጨድ ሦስት ሳምንት የቀረውን ያማረ ስንዴ ወደ ተሰባበረ ጥቁር አገዳ ይለውጠዋል።

መጨረሻ ላይ ቀዩ ሲጠቁር «ዳነ» የሚሉ አሉ። አልዳነም። ፈንገሱ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሌላ ዓይነት ስፖር መሥራት ጀምሮ ነው። የግንድ ዋግ በሕይወት ዑደቱ አምስት ዓይነት ስፖር አለው፤ ከፊሉን ዕድሜ የሚያሳልፈውም ባርቤሪ በሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው። እኛ ጋ ግን ከማሳ ማሳ የሚያዛምተው በዋናነት ቀዩ ዱቄት ነው። ስለዚህ በበጋ ሳይዘራ የበቀለ ስንዴ ካያችሁ ንቀሉት፤ ዋጉ ክረምቱን የሚጠብቀው እዚያ ላይ ነው።

የዘራችሁትን ዝርያ ስም እወቁ። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ለረጅም ጊዜ ሲመረት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ክፉኛ መታው። ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ባሌ ላይ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነስቶ እሱንም ጣለው። አምና የተቋቋመ ዝርያ ዘንድሮም ይቋቋማል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት በየዓመቱ ጠይቁ።

ዝርያው የሚጠቃ ከሆነና ዋግ ካገኛችሁ ውሎ ሳያድር ርጩ። ዓላማው ከዛላው ሥር ያለችውን የመጨረሻ ቅጠል ማዳን ነው፤ ፍሬውን በብዛት የምትመግበው እሷ ናት። ቲልትና ሬክስ ዱኦ ገበያ ላይ የታወቁ የዋግ መድኃኒቶች ናቸው። መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብቡ፣ በግምት አትቀላቅሉ። ነፋስ ሲኖርና ዝናብ ሲያስገመግም አትርጩ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ።

ከመርጨታችሁ በፊት ግን ናሙና ያዙ። የታመመውን ግንድ ቆርጣችሁ በወረቀት ፖስታ ክተቱት። ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፤ ያልበውና ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የስንዴውን ዝርያ ጻፉ፣ በማግሥቱ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) አስረክቡ። የግንድ ዋግ ከሆነ አምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የትኛው የግንድ ዋግ ዓይነት እንደሆነ መለየት ይችላል።