ቤት ሆኜ የመጨረሻ ፈተናን ስደግም የሠራልኝ መንገድ

ለድጋሚ ፈተናው ቤት ውስጥ ስዘጋጅ ያስቸገረኝ የጊዜ እጥረት አልነበረም። ደብተሩን ሳገላብጥ ሁሉንም የማውቀው ይመስለኛል፤ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ግን መልሱ አይመጣም። ያነበቡትን ሲያዩ መለየትና ከራስ አውጥቶ መጻፍ ለካ ይለያያሉ፤ ፈተና የሚፈልገው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ አጠናኔን ቀየርኩ። ምዕራፉን አንዴ አነብና መጽሐፉን ዘግቼ የማስታውሰውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቼ የጎደለውን በቀይ እሞላለሁ። በማግስቱ የምጀምረው ከቀዩ ነው፤ ከጥቂት ቀናት፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ እመለስበታለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተያዘ ነገር በፍጥነት የሚረሳው መጀመሪያ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። የመጀመሪያውን ክለሳ ማዘግየት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሒሳብና ፊዚክስ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። የተሠራ ምሳሌ መከተል ቀላል ነው፤ ከባዱ ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ዘዴ እንደሚሆን መለየት ነው። እናም የተለያዩ ምዕራፎችን ጥያቄዎች እየቀላቀልኩ፣ ሰዓት ይዤ የድሮ ፈተናዎችን እስከ መጨረሻው መሥራት ጀመርኩ። ያልመለስኩትን ጥያቄ ማብራሪያውን አይቼ አላልፈውም፤ ከቀናት በኋላ ያለ ምንም እገዛ እንደገና እሠራዋለሁ። ውጤቴን ከሁሉም በላይ ያሻሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በግል ለምትፈተኑ፦ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋና ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ እንደሆነ ከፈተናው አዘጋጅ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የተግባር ፈተና ያለው ትምህርት ከሆነም የት እንደምትፈተኑ አብራችሁ ጠይቁ።