መድኃኒት ሲቀነስ የሚመጣውን ሕመም በምን ማቅለል ይቻላል?

ለድብርት፣ ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ እጦት የታዘዘለትን መድኃኒት ለወራት ወይም ለዓመታት ሲወስድ የቆየ ሰው «አሁንስ ተሽሎኛል» ብሎ በአንድ ጊዜ ቢተወው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ቅዠት፣ ቁጡነት፣ እንዲሁም ብዙዎች «ራሴን ኤሌክትሪክ የነዘረኝ ያህል» ብለው የሚገልጹት ስሜት ሊገጥመው ይችላል። ይህ የግድ ሱሰኛ ሆኗል ማለት አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዶ የኖረ አእምሮ የለመደው ነገር በድንገት ሲጎድልበት የሚያሳየው ምላሽ ነው። በዚህ ጊዜ ከዘመድ ወዳጅ የሚመጣው ምክር ብዙ ነው፤ አንዱ ዝንጅብል፣ ሌላው ጤና አዳም፣ ሌላው ጠበል፣ ሌላው ደግሞ ከውጭ አገር የተላከ የዕፅዋት እንክብል ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ መካከል የሚጠቅሙ፣ ምንም የማይፈይዱና የሚጎዱም ስላሉ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን ከሐኪም ጋር የተዘጋጀ የመቀነሻ ዕቅድ ሊኖር ይገባል፤ ምክንያቱም ከመድኃኒት ውጭ ያሉት ዘዴዎች መንገዱን ያቀልላሉ እንጂ በድንገት ማቋረጥ የሚያመጣውን ጣጣ አይመልሱም። መድኃኒቱ በአእምሮ ላይ ያለው ኃይል ከሚሊግራሙ ጋር እኩል አይወርድም። ለምሳሌ ሲታሎፕራም የተባለው የድብርት መድኃኒት በ20 ሚሊግራም መጠን፣ ሴሮቶኒን የሚባለውን ስሜትን የሚነካ ኬሚካል ወደ ነርቭ ሕዋሳት መልሰው ከሚያስገቡት የአእምሮ ፕሮቲኖች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ መጠኑ ወደ 5 ሚሊግራም ገደማ ሲወርድም ገና 60 በመቶ ያህሉን እንደያዘ ነው። ከ20 ወደ 5 ያለው መንገድ ለስላሳ ቁልቁለት ነው፤ ከ5 ወደ ባዶ ያለው ግን ገደል ነው። «ትንሽ ቁራሽ ስለቀረች ልተዋት» ያሉ ሰዎች በመጨረሻዋ ቁራሽ የሚታመሙት በዚህ የተነሳ ነው። አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥም ቀስ ብሎ መቀነስ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እንደ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ፣ የተዘለለው ቀን ራሱ ትንሽ ማቋረጥ ይሆናል። ፍሉኦክሰቲን ግን በሰውነት ውስጥ ለቀናት፣ ከእርሱ የሚገኘው ውሁድ ደግሞ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ የማቋረጥ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶና ቀለል ብሎ ይመጣል።

ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚታዘዙት ዲያዚፓምና ዘመዶቹ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ባወጣው መመሪያ፣ ቅነሳው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን እንደሚሻል፣ በማናቸውም ሁኔታ በ2 ሳምንት ከ25 በመቶ ማለፍ እንደሌለበት ይመክራል። በአገራችን ለሚጥል በሽታ በስፋት የሚሰጠውን ፌኖባርቢታልም ሆነ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንን (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው) በራስ ውሳኔ መተው ለሕይወት ያሰጋል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክርም ይህን አደጋ አያስቀርም።

ከመድኃኒት ውጭ ካሉት ዘዴዎች መካከል በእኔ ግምት መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ለእንቅልፍ እጦት የሚሰጠው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። በካናዳ በዕድሜ የገፉና የእንቅልፍ ክኒን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መጠኑን ብቻ ከቀነሱት ውስጥ 48 በመቶ፣ ቅነሳውን ከዚህ ሕክምና ጋር ካጣመሩት ግን 85 በመቶ የሚሆኑት ክኒኑን መተው ችለዋል። ባለሙያ ባይገኝም የሕክምናውን ዋና ልማዶች በቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ቀን አለመተኛት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ስልክ አለመነካካት፣ እንቅልፍ ለ20 ደቂቃ ያህል እምቢ ካለ ደግሞ ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን ቁጭ ብሎ መቆየትና ሲያንጎላጅ መመለስ ነው። ሰዓት እያዩ ደቂቃ መቁጠር ራሱ እንቅልፍ ስለሚያባርር ሰዓቱን ፊቱን ማዞር ይበጃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ቀን ቀን ለሚመጣው የመረበሽና የልብ መምታት ስሜት እርጋታ ያለው አተነፋፈስ ይረዳል። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር መሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ በዝግታ ማስወጣት፣ ይህንንም ለ5 ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። ጭንቀቱ እስኪያይል ሳይጠብቁ ደህና በሆኑበት ሰዓት ቢለማመዱት በችግር ጊዜ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር 424 ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናትም፣ ልብን ሰብስቦ የአሁኑን ቅጽበት በማስተዋል ላይ የተመሠረተ የቡድን ሕክምና እየወሰዱ የድብርት መድኃኒታቸውን የቀነሱ ሰዎች፣ በ2 ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 44 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 47 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ልዩነቱ ትርጉም ያለው ባይሆንም በቂ ድጋፍ ላገኘ ሰው አማራጭ መኖሩን ያመለክታል።

ጠዋት በፀሐይ ለግማሽ ሰዓት መራመድ ለእንቅልፍም ለስሜትም ይበጃል፤ ለማቅለሽለሽ ደግሞ የዝንጅብል ሻይ መጠጣት ይቻላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ግን አያብዙት። ቡና ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍን ስለሚያውክ አቦልም ቶናም በረካም እኩለ ቀን ሳያልፍ ቢያበቁ ይመረጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ በሚቀነስበት ሳምንት ቡናን ጨርሶ መተው ስሕተት ነው፤ ቡና መተው ራሱ ራስ ምታትና ድካም ስለሚያመጣ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። በዚሁ ምክንያት የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት በሚለዋወጥበት በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን መግቢያ ቅነሳ አለመጀመር ጥሩ ነው። ጫትን በሚመለከት ማግባባት አያስፈልግም፤ የሚያነቃቃ ነገር ስለሆነ ጭንቀቱንና የእንቅልፍ እጦቱን ያባብሳል፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ከዲያዚፓም ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል በብዛት የሚያሳስተው በዕፅዋት ላይ ነው። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውና አንዳንዴ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ተክል ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲደባለቅ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የልብ መፍጠን ሊያስከትል ይችላል፤ የወሊድ መከላከያን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ዋርፋሪንንም ያዳክማል። ካቫ የሚባለው ተክል ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ጤና አዳም በቡና ውስጥ እንደምትገባው ቅጠል ሳይሆን በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ማሳጅና ሙቅ ውኃ ጡንቻን ያዝናናሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅባቸውም። ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ በመሰካት የሚሰጠው የቻይናውያን ሕክምና (አኩፓንክቸር) ለዚህ ችግር ያለው ማስረጃ ደካማ ነው።

ጠበልን በተመለከተ፣ ወደ ጠበል መሄድና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም፤ አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዝርዝሩ ላይ ነው። ክኒኑን እንደዋጡ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ መድኃኒቱን ይዞት ይወጣል፤ ሊቲየም የተባለውን፣ ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ትውከቱና የሰውነት ፈሳሽ ማነሱ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ የመጠጫውንና የመዋጫውን ሰዓት ማራራቅ፣ የሚወስዱትንም ለአጥማቂው ሆነ አብሮ ለሚያድር ዘመድ መንገር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ማስታወሻ ደብተር ይኑርዎት። በየቀኑ የወሰዱትን መጠን፣ የተኙበትን ሰዓትና እያንዳንዱን ምልክት ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይመዝግቡ። ከቅነሳው በኋላ በቀናት ውስጥ የመጣ፣ ማዞርና ንዝረት ያለበትና መጠኑ ሲመለስ ቶሎ የሚለቅ ሕመም ብዙውን ጊዜ የማቋረጥ ምልክት ነው፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቀስ ብሎ የሚገባ ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ግን የቀድሞው ሕመም ማገርሸት ሊሆን ይችላል። የሚጥል ሕመም፣ መደናገር፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ምልክቱ ለሕይወት የማያሰጋ ነገር ግን ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ሐኪሙ ወደ ቀደመው መጠን መልሶዎት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባነሰ እርምጃ ሊያስጀምርዎት ስለሚችል፣ ሲሄዱ ደብተሩንና የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የሚጠጡት ዕፅ ካለም እርሱኑ ይዘው ይሂዱ።