የአንጀት ባክቴሪያና ካንሰር፦ ድሬ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ላይ የሆድ ነገር ከተነሳ ሁሉም ሐኪም ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ አንዱ ስልኩን ከፍቶ «የትልቁ አንጀት ካንሰር ከባክቴሪያ ጋር ይያያዛል» ብሎ ያነባል። ጫቱ ሳያልቅ መድኃኒቱ ታዝዞ ያድራል። ወሬው እንኳ ውሸት አይደለም። ጣጣው ያለው ከወሬው በኋላ በምናደርገው ነው።

«ባክቴሪያ ከሆነ በፍላጅል ይሞታል»

ከዚራም ይሁን ሳቢያን ፋርማሲ በር ላይ ትንሽ ብትቆሙ «ሆዴን ነፋኝ፣ ያቺን የአሜባ ስጠኝ» የሚል አታጡም። ፍላጅል ማለቱ ነው። ያለ ምርመራ፣ ያለ ማዘዣ። አሁን ደግሞ ካንሰር ለመከላከል ሊዋጥ ነው!

አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ ይጠቅሙናል፣ በካንሰር የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው። ለምሳሌ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ የአንጀት ሴሎችን ዲኤንኤ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት የዚህን መርዝ አሻራ ከ40 ዓመት በፊት በታመሙ ሰዎች ዕጢ ላይ ከ70 በኋላ ከታመሙት ይልቅ ከ3 እጥፍ በላይ አግኝቶታል። ጉዳቱ ገና በልጅነት የሚጀምር ይመስላል። በልጅነት የታተመን አሻራ ዛሬ የዋጣችሁት ክኒን አይፍቀውም።

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የሰው የአንጀት ዕጢ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ፍላጅል የዕጢውን እድገት ማዘግየቱ ታይቷል። ግን አይጥ ላይ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ጠቃሚዎቹንም አብሮ ይጠርጋል።

«እኔ ጨጓራዬን ታክሜአለሁ»

ያ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ነው። ቤቱ ጨጓራ ነው፣ ዋነኛ ስጋቱም የጨጓራ ካንሰር ነው። መታከማችሁ ጥሩ። የትልቁን አንጀት ጉዳይ ግን አይዘጋውም።

«እርሾ ያለው እንጀራ እየበላን ምን እንሆናለን?»

የእርሾው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ይሞታል። ከእንጀራው የሚተርፈን አሰሩ (ፋይበሩ) ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። የአንጀት ባክቴሪያዎች አሰርን አብላልተው ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፣ የአንጀት ግድግዳ ሴሎችም በዚያ ይኖራሉ። ስለዚህ ውድ የፕሮባዮቲክ (የጠቃሚ ባክቴሪያ) እንክብል ከመግዛት በፊት የጠዋቷን ፉል አትናቁ። ዘይቱን ቀነስ አድርጎ ነው እንጂ።

«ኪንታሮት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል»

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ሐረርም ድሬም ጫት የሚቅም ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ ያምጣል፣ ደም ያያል። ወሬው ወዲያው ኪንታሮት ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ኪንታሮት ያለበት ሰው ዕጢም ሊኖርበት ይችላል። ደሙ ደግሞ ስሙን ጽፎ አይወጣም። ሰው አፍሮ የባህል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ይቀባል ወይም ይቃጠላል፣ ዕጢው ካለ ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛው ማታለያ የሰገራ ምርመራ ነው። ላብራቶሪው በማይክሮስኮፕ የሚያየው አሜባ፣ ጃርዲያና የትል እንቁላል ነው። «ምንም የለብህም» ማለት እነዚህ የሉም ማለት ብቻ ነው። በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገው ምርመራ ሌላ ነው፣ በስሙ ጠይቁ፦ የተደበቀ ደም ምርመራ። ደሙን በዓይናችሁ ካያችሁት ግን እሱንም ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ በጓንት ጣቱ ፊንጢጣን ቢመረምር ደቂቃ አይፈጅም፣ እፍረቱን ዋጥ አድርጉት። ካስፈለገም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ያዩታል። ኮሎኖስኮፒ የሚባለው ነው። ካንሰር ያልሆነች ግን ልትሆን የምትችል እባጭ ከተገኘች እዚያው ትቆረጣለች። እንዲህ ያለች እባጭ ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት አካባቢ ይፈጅባታል። ጊዜ አለን ማለት ነው፣ በቅባት ካላባከንነው።

ከደሙ ሌላ ለሳምንታት የዘለቀ የሰገራ ለውጥ፣ ተጸዳድተው ሲነሱ «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ አትጠብቁ። አባባ ደም ማነስ ተገኘባቸው ተብሎ የአይረን ክኒን ብቻ ይዘው ቢመለሱ «ደሙ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ላይ የአይረን እጥረት ካለ አንዱ ሊታይ የሚገባው ቦታ አንጀት ነው።

«የድድ ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

ፉሶባክቴሪየም ኑክሊየተም የሚባለው ባክቴሪያ ሰፈሩ አፍ ነው፣ የድድ በሽታ ላይ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት የምርምር ቡድኖች ለየብቻ የአንጀት ዕጢ ውስጥ አገኙት። ጥርስ መቦረሽ ካንሰር ይከላከላል ማለት አይደለም። የሚደማ ድድ ግን በራሱ ሕክምና ይፈልጋል።

«የሽማግሌ በሽታ ነው»

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2021 መደበኛውን ምርመራ ከ50 ወደ 45 ዓመት ያወረዱት ወጣቶች እየታመሙ ስለሆነ ነው። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር ታምሞ ከሆነ ደግሞ በ40፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው መታየት ይመከራል። ዘመዱ በ45 ከታመመ እናንተ በ35 ትሄዳላችሁ።