አቪኞን ከሄዳችሁ ድልድዩን ከማዶ እዩት

ደቡብ ፈረንሳይ፣ አቪኞን የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ታዋቂው የቅዱስ ቤኔዜ ድልድይ ላይ ለመውጣት ትኬት ይቆረጣል። ግን እላዩ ላይ ቆማችሁ ድልድዩን አታዩትም! ከ22 ቅስቶቹ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ወንዙ ላይ ትንሽ ሄዶ ቁርጥ ይላል። ይሄ የሚያምረው ከማዶ ሲታይ ነው።

ከድልድዩ አጠገብ የሮንን ወንዝ አቋርጣ ወደ ባርተላስ ደሴት የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች። በነፃ ነው የምታሻግረው። (ፈረንሳይ ውስጥ ነፃ ነገር አይታለፍም።) ሰዓቷ እንደየወቅቱ ስለሚለያይ ቀድማችሁ አጣሩ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ድልድዩንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1309 ጀምሮ አቪኞን የተቀመጡት የሮማ ጳጳሳት ያሠሩትን ግዙፍ ቤተ መንግሥትም ወርቅ ታስመስለዋለች። የመጨረሻዋ ጀልባ ካመለጠቻችሁ በዳላዲዬ ድልድይ በእግር መመለስ ይቻላል።

በፈጣኑ ባቡር ከመጣችሁ የምትወርዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ታክሲ አትያዙ፤ መሃል ከተማ የሚያደርስ ባቡር አለ፣ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ኮፍያችሁን ያዝ!